ቋጠሮዋን ለምን ጻፍሽው?

እማዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። «ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ብዬ አልጀምርም፤ አንቺ ከበሽታሽ ተገላግለሻል፣ ጤና ያጣነው እዚህ የቀረነው ነን። ሰው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» እያለ የልቡን በልቡ ይይዛል። እኔን ያድርገኝ። በሕይወት ሳለሽ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለሽ አልሰማሽኝም። አሁን ተነስተሽ የምትሄጂበት ቦታ የለምና ልናገርሽ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልስጥሽ። የቀበሌው ቤት እንዳለ ነው። ጣሪያው በማድ ቤቱ በኩል ያፈሳል፣ ባልዲ ደቅኜበታለሁ። ልብሶችሽን ለጎረቤት አከፋፍያለሁ፤ መነጽርሽን የሚፈልግ ሰው አላገኘሁም፣ ለካ አንቺ የምታዪበት ዓይን ለሌላ ሰው አይሆንም። እኔ ጤና ረዳት ሆኜ ጤና ጣቢያ ተቀጥሬያለሁ። በግንቦት መንግሥት ተለወጠ። ወታደሮቹ በአስፋልቱ ላይ ጠመንጃቸውን በዳቦ እየለወጡ አለፉ። ጽሑፍሽን ይመረምር የነበረው ካድሬ ጢሙን ተላጭቶ ጠፋ፤ አንዳንዱ ጅቡቲ ገባ ይላል፣ አንዳንዱ ገለምሶ ዘመድ ቤት ተደብቋል ይላል። ከአዳራሹ የሊቀመንበሩ ፎቶ ወረደ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለበት ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ከተማችንም ሁለት ስም ይዛ ትወዛገባለች፤ የመሥሪያ ቤት ሰው አሰበ ተፈሪ ሲላት፣ ገበያተኛው እንደ ድሮው ጭሮ ይላታል።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ዋናውን ነገር ለማዘግየት ነው። በሐምሌ መግቢያ ሰናይት መጣች።

ታውቂያታለሽ። መምህራን ማሠልጠኛው ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትነክስ የነበረችው ተማሪሽ ናት። ዛሬ አዲስ አበባ ትኖራለች፣ ጥፍሯም አድጓል። ጠልፎ ያገባት ሰውዬ ቤት ተቀምጣ ሳለ መጽሐፍሽን እንዳነበበች፣ ጨርሳ እንደ ዘጋችው ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ እንደወጣች ነገረችኝ። «እናትሽ ባትጽፍ ኖሮ እኔ ዛሬ ወይ እብድ ነኝ ወይ ሬሳ ነኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። አሁን ሳንሱር ስለሌለ መጽሐፉን በደንብ ልታሳትመው ትፈልጋለች። ካድሬው የጻፈውን መግቢያ አውጥታ፣ የተቆረጠውን መልሳ፣ ስምሽን በወፍራም ፊደል ሽፋኑ ላይ አድርጋ። ማተሚያ ቤት አናግራለች። የቀረው የወራሽ ፈቃድ ብቻ ነው። ወራሽሽ ደግሞ እኔ ነኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ጥቂት ቀን ስጪኝ አልኋት። ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እሷ አታውቅም።

እስቲ ከሥሩ ልነሳ። በአብዮቱ ማግስት እኔን ሕፃኗን በእጅሽ ይዘሽ እዚህ ስትመጪ፣ አባቴ «ወይ እኔ ወይ አሰበ ተፈሪ» ብሎሽ ነበር አሉ። ንግግሩን ሳይጨርስ ሻንጣሽን አነሳሽ። በማሠልጠኛው ሥነ ልቦና ታስተምሪያለሽ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ «የምክር አገልግሎት» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ለጥፈሽ ቢሮ ውስጥ ሰው ትጠብቂያለሽ። ማን ይምጣ? ከተማው ቢሮሽን «የዕብድ ቢሮ» ብሎ ሰይሞታል። የትኛዋ ባለትዳር ናት እዚያ በር ላይ ታይታ ወደ ቤቷ የምትመለስ! ባለጉዳይ የሚቀመጥበት ወንበር አቧራ ሲጠጣ ከረመ። ከመጣ የሚመጣው ባል ሚስቱን እየጎተተ ነው፤ ጂኒ ይዟታል፣ አትበላም፣ አታወራም፣ ማታ ማታ ትጮሃለች ይልሻል። አንቺ ሚስቲቱን ለብቻዋ አናግረሽ ስታበቂ «ጂኒዋማ ሱሪ ታጥቆ ከውጭ ቆሟል» ብለሽ ለአስተማሪዎቹ ትነግሪያቸዋለሽ። አስተማሪዎቹ ይስቃሉ። ወሬው ከተማውን ያዳርሳል። ከዚያ በኋላ ባሎቹም መምጣት ተዉ።

መፍትሔውን ያገኘሽው በአጋጣሚ ነው። አንዲት ጎረቤታችንን ፍለጋ ጫት ወደሚታሰርበት መጋዘን ገባሽ። ሴቶቹ መሬት ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ የደረቀውን ቅጠል ይለቅማሉ፣ ለጋውን ያስተካክላሉ፣ በሙዝ ቅጠል ይጠቀልላሉ፣ በቃጫ ያስራሉ። መኪናው ውጭ ሆኖ ጡሩምባውን ይነፋል። ባለቤቱ ይሳደባል። እነሱ ደግሞ አቀርቅረው ያወራሉ። ባል ያላት ስለ ባሏ፣ የፈታች ስለ ፈታችው፤ አማርኛው ከኦሮምኛው ጋር እየተደባለቀ፣ ማንም ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ። አንዷ «አዴ፣ ቆመሽ ከምታዪን ያዢ» ብላ ጫት ሰጠችሽ። ተቀመጥሽ። እቤት ስትመጪ ፊትሽ በርቶ ነበር። «ዓይን ለዓይን እየተያዩ ገመናን ማውራት ለዳኛ ነው፤ ሰው አፉ የሚፈታው እጁ ሲሠራ ነው» አልሽኝ። ያን ዕለት እንዴት እንደወደድሁሽ አልነገርሁሽም።

ከዚያ ወዲያ ያቺ ሥራሽ ሆነች። በሳምንቱ ቀን እዚሁ ከተማችን ካሉት ሴቶች ጋር፣ ቅዳሜ ደግሞ አውቶቡስ ተሳፍረሽ ሂርና። ስታስሪ ግን ጉድ ነበርሽ። ያሰርሽው የጫት ዙርባ ገና መኪና ላይ ሳይወጣ ይፈታል፤ ሴቶቹ ከኋላሽ እየፈቱ እንደገና ያስሩት ነበር፣ እንዳታዪ እየተጠቃቀሱ። ወደዱሽ እኮ። ቀጥረሽ አላናገርሻቸውም፣ አልመከርሻቸውም፣ ካርድ አላወጣሽላቸውም። ሰማሻቸው ብቻ። በልጅነቷ የተገረዘች ቀን የደማችውን፣ ከእህቷ ሞት በኋላ ለእህቷ ባል የተሰጠችውን፣ ባሏን እየጠላች ቀሚሷን ዓይኑ እንዲያርፍበት የምታጥበዋን። አንዳንዷ ከእናቷ የደበቀችውን ለአንቺ ነገረች። «የሴት ሕመም ግማሹ ሕመም አይደለም፣ ያልተነገረ ነገር ነው» ትይ ነበር። ልክ ነበርሽ። አሁን በሽተኛ ሳክም ልክ እንደነበርሽ በየቀኑ አየዋለሁ።

ለእኔ ግን የሚሆን ጆሮ አልተረፈሽም። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሲሉ አንቺን ማለታቸው ነው። የወር አበባዬ መጀመሪያ የመጣ ቀን ደንግጬ የጎረቤት ሴት ጋ ሮጥሁ፤ አንቺ ሂርና ነበርሽ። ኋላ መጽሐፍሽን ሳነብ ያን ቀን ምን ስትሰሚ እንደዋልሽ አገኘሁት። የሌላ ልጅ የመጀመሪያ ደም። ምን ያህል በፍቅር ጻፍሽው መሰለሽ! ያቺ ልጅ እንዳትፈራ አንቺ ያልሻትን ሁሉ እዚያ ላይ አነበብሁ። በማላውቃት ልጅ ቀናሁ፣ እማዬ። እስከ ዛሬም እቀናለሁ።

መጽሐፉ «እጅ ሲሠራ» ተባለ። የመግቢያውን ገጽ ለካድሬው ሰጠሽው፤ የሴት ጥያቄ የመደብ ጥያቄ ሲፈታ አብሮ ይፈታል ብሎ ራሱ ጻፈበትና ረካ፣ ከሌላው ጥቂት መስመር ቆርጦ ማኅተም መታበት። በማሠልጠኛው የስቴንስል ማሽን ተባዛ። ተመራቂ መምህራን እየያዙት ሂርና፣ ገለምሶ፣ ቦኬ ገቡ። አንቺ ሴቶቹን ለመደበቅ የቻልሽውን አድርገሻል፣ ይህን አልክድብሽም። ስማቸውን ለወጥሽ፣ ከተማቸውን ለወጥሽ፣ የልጆቻቸውን ቁጥር ለወጥሽ። የባሎቻቸውን ሥራ ሳይቀር ለወጥሽ። አንድ ነገር ብቻ መለወጥ አልሆነልሽም፤ እጃቸውን። መጽሐፉ የእጅ መጽሐፍ ነዋ! እያንዳንዷን ሴት በእጇ ጀመርሻት።

የሂርናዋን ዘሃራን ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጻፍሻት፤ እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ። «ወይዘሮ ሀ. ግራኝ ናት። ቃጫውን ሁለቴ አዙራ ጫፉን ወደ ውስጥ ትቀብረዋለች፤ ገዢው ፈልጎ እስኪያገኘው ይለፋል። ልቧንም ያሰረችው እንደዚሁ ነው።» ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስትጽፊ ብዕርሽን አስቀምጠሽ ፈገግ ስትዪ አይቼሻለሁ። ቆንጆ ናት። ምነው ባታምር ኖሮ።

አንቺ አዲስ አበባ ተወልደሽ አዲስ አበባ የተማርሽ ሰው ነሽ። ቋጠሮ ለአንቺ ቋጠሮ ነው። በሂርና ግን የዙርባ ቋጠሮ የሰው ፊት ነው። ደላላው ዙርባውን ከመኪና ላይ ሲያወርድ አስተሳሰሩን አይቶ ይህ የእገሊት ነው፣ ይህ የእገሊት ነው እያለ ይለየዋል፤ ደህና አድርጋ የምታስረዋን ገዢው በቋጠሮዋ ይመርጣል። ይህን ለዓመታት እዚያ ተቀምጠሽ ሳታውቂ ቀረሽ ለማለት ይከብደኛል። አላወቅሽም ይሆናል። ወይም አውቀሽ ዓረፍተ ነገሯን ማጥፋት አሳዘነሽ። ይህን ሳትነግሪኝ ሞትሽ።

የሆነውን እኔ የሰማሁት ካነበበው መምህር አፍ ነው፤ ኋላ እቤታችን መጥቶ ግንባሩን በሩ ላይ ደግፎ ሲያለቅስ። ያሠለጠንሽው ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም፣ በአስተማሪው መጽሐፍ መኩራቱ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሂርና አንድ ነጋዴ ቤት ወንዶቹ ጫት ሊቅሙ ለበርጫ ተሰብስበዋል። የዘሃራ ባል ሙሳም አለ፣ ደላላ ነው፣ ለወዳጆቹ ብሎ ከቤቱ ጫት ይዞ መጥቷል። መምህሩ ጨዋታ ለማድመቅ መጽሐፉን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። ጥሩ አንባቢ ነው። ሁሉም ደስ ብሎት ይሰማል። ግራኝ ናት ሲል፣ ቃጫውን ሁለቴ ታዞራለች ሲል፣ ጫፉን ትቀብረዋለች ሲል፣ ሙሳ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ጭኑ ላይ ያለውን ዙርባ አየ። የሌሎቹም ዓይን እዚያው አረፈ። መምህሩ አላስተዋለም፣ ቀጠለ። የምትቀጥለዋ ገጽ ምን እንደምትል ታውቂያለሽ፤ ወይዘሮ ሀ. ከአራተኛ ልጇ በኋላ ከባሏ ተደብቃ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን እንደምትወስድ፣ ባሏ ግን አላህ አልፈቀደም ብሎ ዱዓ እያስደረገላት እንደሆነ። ኪኒኑን ሽንብራ ጣሳ ውስጥ እንደምትደብቀው ጭምር። ሙሳ አልጮኸም አሉ። የቃጫውን ጫፍ ፈልጎ አገኘና፣ ዙርባውን ፈትቶ፣ ለአጠገቡ ሰው አቀብሎ፣ ጫማውን አድርጎ ወጣ። ጣሳው ከተባለበት ቦታ ተገኘ።

በሰው ፊት ፈታት። ልጆቹን አስቀረ። የጫት ባለቤቶቹም ከእንግዲህ እሷን የሚያስገባ መጋዘን የለም ብለው ተማማሉ። በለበሰችው ልብስ ትውልድ አገሯ ቦኬ ወንድሟ ቤት ገባች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የብዕር ወለምታማ በምን ይታሻል!

ሌላው ሁሉ በፍጥነት ተበላሸ። የሂርና ሴቶች ቅዳሜ ስትሄጂ ዝም አሉሽ። ጫት አቀበሉሽ፣ ሰላምታሽን መለሱ፣ ግን ስለ ዝናብ ብቻ አወሩ። ከዚያ የእኛዎቹም ዝም አሉ። ዝምታው ከአንቺ አልፎ እኔ ዘንድ ደርሷል። ዛሬ ጤና ጣቢያ የምትመጣ ሴት «ምንሽን ያምሻል» ብላት «ራሴን» ትለኛለች። ሁሏንም ራሷን ነው የሚያማት። የአንቺ ልጅ መሆኔን ያውቃሉ። ባለፈው ጥቅምት አንዲት ልጅ ሥር ቀቅላ ጠጥታ ማሕፀኗን አበላሽታ ደሟ እየፈሰሰ መጣች። ምን እንደጠጣች ብትነግረኝ ምናልባት አተርፋት ነበር። አልነገረችኝም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሞተች። ሬሳዋን ስሸፍን አንቺን ረገምሁሽ፣ እማዬ። ይህንንም ሳልደብቅሽ ልጻፈው ብዬ ነው።

አንቺ ምን አደረግሽ? ቦኬ ሄድሽ። ዘሃራ ከቤት አልወጣችልሽም። ወንድሟ ግቢ ደጃፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ እስኪመሽ ጠበቅሻት። ይህን ያደረግሽው ከልብሽ ነው፣ አልጠረጥርሽም። ግን ተመልሰሽ እግርሽን እንኳ ሳትታጠቢ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥሽ፣ «ዝምታ» የሚል አዲስ ምዕራፍ ጻፍሽ። ስለ በሩ። በበሩ ስንጥቅ በኩል ስለታየሽ የዘሃራ ተረከዝ። እጇን ባትሰጥሽ ተረከዟን ወሰድሽባት! አንብቤ ስጨርስ እንደ ዕብድ ጮህሁብሽ። አንቺም መነጽርሽን አውልቀሽ በዚያ የክፍል ድምፅሽ «መጽሐፉ ከአንድ ሰው ይበልጣል» አልሽኝ። ያን ቃል ከዚያ በፊት የት እንደሰማሁት ታውቂያለሽ። ካድሬው ነው የሚለው፤ ልጁን ያሰረበት ሰው እያለቀሰ ሲለምነው «አብዮቱ ከአንድ ሰው ይበልጣል» ይለዋል። ይህንኑ ነገርሁሽ። በጥፊ መታሽኝ። መትተሽኝ የማታውቂ ሴት፣ ዕድሜሽን ሙሉ ስለ መመታት ጽፈሽ፣ በመጨረሻ መታሽኝ። ከዚያ እጅሽን አየሽው። 

ጉበትሽ ታመመ። ዓይንሽ ቢጫ ሆነ፣ ሆድሽ አበጠ። በመጨረሻው ሳምንት ስለ እኔ ትዳር፣ ስለ ኑሮዬ አንድ ቃል ትናገሪ ይሆን ብዬ ትራስሽ ሥር ተቀምጬ ጠበቅሁ። «መጽሐፌን አደራ» አልሽኝ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው አደራ ሲል እምቢ አይባልም። እሺ አልሁሽ። በቀብርሽ ላይ ማሠልጠኛው በሙሉ ነበር። የከተማችን ጫት አሳሪዎች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመው ዋሉ። ከሂርና አንዲትም ሴት አልመጣችም።

እንግዲህ ሰናይት መልስ ስትጠብቀኝ፣ መጽሐፍሽን ይዤ በገበያ ቀን ጭነት መኪና ላይ ተቀምጬ ቦኬ ሄድሁ። ዘሃራ ገበያው ውስጥ ጨውና በርበሬ ትቸረችራለች። እኔ እሷን ሳላውቃት እሷ አወቀችኝ፤ ግንባሬ ያንቺ ነው አለች። ስትስቅ አየሁ፣ የፊት ጥርሶቿ የሉም። ሙሳ ከመፍታቱ በፊት ምን እንዳደረጋት ማንም አልነገረኝም ነበር፤ አንቺም ብታውቂ ኖሮ ትጽፊው ነበር። ገበያው ሲፈታ ወንድሟ ጓሮ ወዳለች ክፍሏ ወሰደችኝ። የቡና ቅጠል በወተት አፍልታ ሆጃ ሰጠችኝ። መሞትሽን ሰምታለች። «አላህ ይዘንላት፣ ጥሩ ሰው ነበረች፣ ማሰር ግን አትችልም» አለች። ሳልወድ ሳቅሁ።

የመጣሁበትን ነገርኋት። ሰማችኝና ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ። «ምንድነው ያለችው? አንብቢልኝ።» እማዬ፣ ይህን አስቢ እስቲ። ሦስት ከተማ ያነበበውን፣ ወንዶች በርጫ ላይ የሰሙትን፣ ትዳሯንና ልጆቿን የበላውን ነገር እሷ አንድ ቀን ሰምታው አታውቅም። ማንበብ አትችልም፤ ያነበበላትም የለም። አነበብሁላት። ኦሮምኛ ሲያስፈልግ በኦሮምኛ አስረዳኋት። ቋጠሮዋ ጋ ስደርስ ግራ እጇ ጭኗ ላይ ተንቀሳቀሰ፣ ራሷ ሳታውቀው። ስለ ዱዓው ስደርስ ከንፈሯን ነከሰች። ስጨርስ «ሁሉም እውነት ነው» አለች። «እኔ እንዳልሁት ነው። ምንም አልጨመረችም።» ይህን ልነግርሽ ነው ይህን ሁሉ የጻፍሁት ብል ውሸት አይሆንም። በሥራሽ የምትኮሪበት ነገር ካለ ይኸውልሽ፣ የዘሃራ ምስክርነት።

ከዚያ ምዕራፏን ብናወጣውና ሌላው ቢታተምስ አልኋት። ሰናይት ይህን እንደምትቀበል አውቅ ነበር። «ሌላው ምንድነው?» አለች። ከሌሎቹ ምዕራፎች መጀመሪያ መጀመሪያውን አነበብሁላት። አውራ ጣቷን በምራቅ አርጥባ ቅጠል የምትገልጠዋን ሳነብ «ፋጡማ!» አለች። ጉልበቷ ላይ ዙርባ አስደግፋ የምታስረዋን ሳነብ «ኸዲጃ ናት፣ ባሏ ነፍሰ ገዳይ ነው» አለች። ለእያንዳንዷ ስም አወጣች። አንዷንም አልሳተችም። አንቺ በፍቅር የሸፈንሻቸውን ሴቶች ሁሉ ዘሃራ መጋረጃውን እንደ መግለጥ በቀላሉ ገለጠቻቸው። ለካ እነዚህ እስካሁን የተረፉት መምህሩ እጃቸውን በሚያውቁ ወንዶች ፊት ከእሷ ምዕራፍ አልፎ ስላላነበበ ብቻ ነው። «እኔን ብታወጪኝ እነዚህን ምን ልታደርጊያቸው ነው?» አለችኝ። መጽሐፉን ዘጋሁት።

ከዚያ ስለ ልጇ ነገረችኝ። ትልቋ ልጇ ከመኸር በኋላ ትዳራለች፤ የገለምሶ ሰዎች ናቸው የጠየቋት፣ ደህና ቤተሰብ። የእናቷን ነገር አያውቁም፤ እናቷ ታማ አገሯ ገባች ተብለዋል። «እኔ ሰርጓ ላይ አልጠራም» አለችኝ። «ወላሂ፣ አልቀየምም። መጽሐፉም አይጠራ።» ከዚያ በኦሮምኛ «ሂንፌዹ» አለች። አልፈልግም። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ ምክንያትም አልጨመረችም። የበርበሬ ጣሳዋን መክደን ጀመረች።

በመንገድ ላይ ከራሴ ጋር ስጣላ መጣሁ። ሰናይትን አሰብሁ። ከሰናይት በኋላ የሚመጡትን፣ መጽሐፉን ቢያነቡ ከጠለፋቸው ሰው ቤት የሚወጡትን ልጆች አሰብሁ፤ ብዙ ናቸው፣ አውቃለሁ፣ አክሜያቸዋለሁ። አደራሽን አሰብሁ። ግን አንዲት ሴት ልጅ አልፈልግም ስትል ሰሚው ከዚያ ቃል የበለጠ ምክንያት ሊጠይቃት እንደማይገባ ዕድሜሽን ሙሉ ያስተማርሽው አንቺ ነሽ። ለማንም ባልጠቅም ላንቺ ተማሪ ልሁን አልሁ።

ሰናይትን እምቢ አልኋት። ለብዙ ሴቶች መድኃኒት የሆነውን ለጥቂቶች ብዬ እንዴት እንደምደፋ ጠየቀችኝ። የዘሃራን ነገር ሁሉ ነገርኋት። እንደ ተማሪነቷ ዘመን ጥፍሯን ስትነክስ ቆየችና አለቀሰች። ከዚያ ከቦርሳዋ የራሷን ቅጂ፣ ከባሏ ቤት ይዛው የወጣችውን፣ ጫፉ ያለቀውን አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። አልለመንኋትም። በማግስቱ በአዲስ አበባው አውቶቡስ ሄደች። ደግማ የምትመጣ አይመስለኝም።

ረቂቅሽን አላቃጠልሁትም፤ ማቃጠል የካድሬ ሥራ ነው። አይታተምም ብቻ። እዚህም እዚያም የቀሩት ቅጂዎች በስቴንስል ቀለም የተባዙ ናቸው፤ ቀለሙ እየደበዘዘ ነው፣ ጥቂት ዓመት ቢቆይ አይነበብም። በማሠልጠኛው ዘንድሮ የገቡትን ተማሪዎች ባለፈው ሳምንት ለክትባት ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ ስምሽን የሚያውቅ አንድም አላገኘሁም። ደስ አላለኝም። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስሁ። በሥራሽ ልክ ሊነገርልሽ የሚገባ ሴት ነበርሽ፣ እንዳንቺ የሰማ በዚህ አገር አልነበረም፣ ይህን የምለው ልጅሽ ስለሆንሁ አይደለም፤ ልጅሽ ሆኜማ አንድ ቀንም አልሰማሽኝም።

ስለዚህ እማዬ፣ አንድ ነገር ቃል እገባልሻለሁ። አስታውስሻለሁ። በእሁድም በዓመት በዓልም አይደለም፤ አንዲት ሴት መጥታ «ራሴን» ባለችኝ ቁጥር። ሌላ የሚያስታውስሽ ሰው እንዳይኖር ያደረግሁት እኔ ነኝና፣ መርሳት ለእኔ አልተፈቀደልኝም።

ልጅሽ
ማርታ